የሻሽወርቅ ያረመችው ቃል

የሻሽወርቅ ከአንዱ ሰው አፍ ቃል ተቀብላ ለሌላው ጆሮ በማቀበል መተዳደር የጀመረችው ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ላስ ቬጋስ ውስጥ በአንድ ትልቅ ካዚኖ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍና የሰው መታጠቢያ ገንዳ ስትፈትግ ኖራለች። በሱዳን ገዳሪፍ የስደተኞች መጠለያ አልፋ ወደዚህ አገር ስትመጣ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ስልሳን አልፋለች። ባሏ ጥላሁን ታክሲ ሲነዳ ኖሮ ከስምንት ዓመት በፊት ሞቷል። አንድያ ልጇ ሳሮን እዚያው አጠገብ ባለችው ሄንደርሰን ከተማ ነርስ ናት፤ አማርኛዋ እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ይላል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለእናቷ ካልደወለች ደግሞ ሆዷ አይረጋም።

አስተርጓሚነቱን ስትጀምር ያሠለጠኗት ሰዎች አጥብቀው የነገሯት ሦስት ነገር ነው። አትጨምሪም፣ አትቀንሺም። ሰውየው «እኔ» ካለ አንቺም «እኔ» ትያለሽ እንጂ «እሱ እንዲህ አለ» አትይም። ተሳስተሽ ከተረጎምሽ ደግሞ ስህተቱን ባወቅሽበት ደቂቃ ታርሚያለሽ። በሆስፒታልም፣ በመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤትም በዚህ ስታድር ችግር አልገጠማትም። «እኔ ስኳር አለብኝ» ትላለች፤ ስኳር የለባትም። «እኔ አድራሻ ለውጫለሁ» ትላለች፤ አልለወጠችም። ከአንደበቷ የሚወጣው ሁሉ የሰው ነው፤ ቤቷ ስትገባ አብሯት አይገባም።

አብሯት መግባት የጀመረው የሐሙሱ ሥራ ከመጣ ወዲህ ነው።

ሚስቶቻቸውን ደብድበው የተፈረደባቸው ወንዶች ፍርድ ቤት አዟቸው የሚገቡበት ክላስ አለ። በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለሃያ ስድስት ሳምንት። ያቋረጠ ዳኛ ፊት ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ እስር ቤት ነው። የሻሽወርቅ የተመደበችበት ክላስ ጎማ ቤትና የታክስ ቢሮ መካከል ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር። አሥራ ሁለት ወንዶች በክብ በተደረደሩ የፕላስቲክ ወንበሮች ላይ ይቀመጣሉ። መሪዋ ግሎሪያ የምትባል የሃምሳ ዓመት ሴት ናት፤ ስትስቅ ክፍሉን ትሞላዋለች፣ ስትጠይቅ ግን ዓይኗን ከሰው ላይ አትነቅልም። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ የእኛ ሰው ነው። ስሙ ኤልሳዕ ይባላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ በሚባል ቦታ ባለ አንድ መጋዘን ዕቃ በማንሳት የሚሠራ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው፣ ጺሙን ሙልጭ አድርጎ የሚላጭ፣ እጅግ ጨዋ ሰው። የሥራ እንግሊዝኛ ይችላል፤ የልቡን የሚናገርበት እንግሊዝኛ ግን የለውም። ለዚህ ነው የሻሽወርቅ ከጎኑ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብላ የምትቀመጠው።

በመጀመሪያው ቀን ሲያያት ከወንበሩ ተነሣ።

«እትዬ የሻሽ፣ እርስዎ ነዎት እንዴ? በእውነት አፈርኩ» አላት፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ። የሁለቱም ቤተ ክርስቲያን አንድ ስለነበር ያውቃታል። እሷም ታውቀዋለች፤ ይበልጥ የምታውቀው ግን ሚስቱን ናርዲን ነው። ናርዲ ሆቴል ውስጥ የምትሠራ፣ የአራት ዓመት ሴት ልጅ ያላት፣ ቅዳሴ ላይ ከሴቶቹ ኋላ የምትቆም ዝምተኛ ልጅ ናት። ከሁለት ወር በፊት ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ መጥታ ነበር። ያኔ የሻሽወርቅ ምንም አልጠየቀቻትም።

«እዚህ ያለሁት ለሥራ ነው ልጄ» አለችው። «የምትለውን እላለሁ፣ የሚሉህን እነግርሃለሁ። ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

ግሎሪያ ምን አድርጎ እንደመጣ ጠየቀችው።

«ከባለቤቴ ጋር ተጋጨን» አለ።

የሻሽወርቅ ተረጎመች። ግሎሪያ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «መኪና ነው የሚጋጨው። ማን ማንን መታ?»

«ነገሩ ከእጅ ወጣ።»

«ከማን እጅ?»

በዚህ ሁኔታ ሦስት ሳምንት ሄደ። ተጋጨን፣ ተነካካን፣ ገፋ ገፋ ተደራረግን ይላል። የሻሽወርቅ ለእነዚህ ቃላት እንግሊዝኛ ስታስስ ላብ ያጠምቃታል። በአራተኛው ሐሙስ ኤልሳዕ ድንገት ወደ ግሎሪያ ሳይሆን ወደ የሻሽወርቅ ዞረ። ድምፁን ሳያነሣ፣ የዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ ሰው፣ «ፀጉሯን ያዝኩና ጭንቅላቷን ከግድግዳ ጋር አጋጨሁት። ሦስት ጊዜ። ልጄ ታይ ነበር» አለ።

እሷም በእንግሊዝኛ፣ በራሷ አፍ፣ «እኔ ፀጉሯን ያዝኩ» ብላ ጀመረች። አሥራ አንድ ወንዶች ዓይናቸውን እሷ ላይ ጣሉ። ሦስት ጊዜ እስክትል ድረስ ምላሷ ጨው እንደቀመሰ ደረቀ። ያን ዕለት ቤቷ ስትገባ በቆመችበት አፏን ተጉመጠመጠች፤ ደግማም ተጉመጠመጠች። ከዚያ በኋላ የሚያስፈራት እሱ የተናገረው አልነበረም። ሲናገር ያያት የነበረው አስተያየት ነው። ልትሸከምለት የምትችለውን ክብደት የሚለካ ይመስል ነበር።

ከዘጠነኛው ሳምንት ጀምሮ ኤልሳዕ የክላሱ ምርጥ ተማሪ ሆነ። ቀድሞ ይመጣል፣ ወንበር ይደረድራል። «ጥፋቱ የእኔ ነው» ይላል። ሌሎቹ ሚስቶቻቸውን ሲያሙ፣ «እኛ እኮ ስለ እኛ ልንማር ነው የመጣነው» ብሎ ይገሥጻቸዋል። ግሎሪያ ደስ አላት። የሻሽወርቅ ግን ለራሷም ባልገባት ምክንያት መኪናዋን ከበሩ አፍ ሥር ማቆም ጀመረች።

አሥራ አራተኛው ሐሙስ በሐምሌ መጨረሻ ላይ ዋለ። ሙቀቱ ከመቶ አሥር ፋራናይት አልፏል፤ ጎማ ቤቱ በር ላይ አስፋልቱ እንደ ሰም ይቀልጣል። ናርዲ ለፍቺ ማመልከቷን የሚገልጸው ወረቀት ለኤልሳዕ የደረሰው በዚያው ሳምንት ነበር። ግሎሪያ ይህን ታውቃለችና ከሁሉ አስቀድማ እሱን ጠየቀችው።

«ኤልሳዕ፣ ይህ ሳምንት ከባድ እንደነበር እገምታለሁ። እንዴት ነህ?»

ኤልሳዕ ፈገግ አለ። ጥሩ ሸሚዝ ለብሷል። ፀጉሩን ተቆርጧል።

«ምንም አይደል» አለ። «ሥራውንም ለቀቅኩ። መኪናዬን ለወንድሜ ልጅ ሰጠሁት። ቤቴን አጸዳዳሁ። ከእንግዲህ ጭቅጭቅ የለም፤ እሷም ታርፋለች፣ እኔም አርፋለሁ።»

የሻሽወርቅ አፏ ከልቧ ቀደመ። «እሷም ‘ሬስት’ ታደርጋለች፣ እኔም ‘ሬስት’ አደርጋለሁ» ብላ ተረጎመች። ቃሉ ከአፏ ወጥቶ ሲያልቅ ነው ጆሮዋ የሰማው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ! ግሎሪያ ግን በደስታ ራሷን ነቀነቀች። «መልቀቅ ማለት ይህ ነው» አለች ለሌሎቹ። «ቁጥጥሩን መተው። ዕረፍት ይገባሃል ኤልሳዕ።» ጎረቤቱ ትከሻውን መታ መታ አደረገለት።

የሻሽወርቅ እጇን ልታነሣ፣ «አስተርጓሚዋ ማብራራት ትፈልጋለች» ልትል ጀመረች። ይህን ማለት ይፈቀድላታል፤ መቶ ጊዜ ብላዋለች። ያኔ ኤልሳዕ በቀስታ ዞሮ አያት። ፈገግታው አልጠፋም። እጇ ከጉልበቷ አልተነሣም።

ክላሱ ሲያልቅ ገና ፀሐይ ነበር። መኪናዋን ከፍታ ልትገባ ስትል ጥላው በሩ ላይ አረፈ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ላስቸግርዎት» አለ። ሁለት እርምጃ ርቆ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ነው የቆመው። «ቅድም ታርፋለች ያልኩትን በእንግሊዝኛ ምን አሉልኝ?»

«ሬስት አልኩ።»

«ጎሽ። ደግ አደረጉ» አለ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ጎማ ቤቱ መለሰ። «አባቴ፣ የሰማውን ሁሉ የሚናገር ሰው ዕድሜው አይረዝምም ይል ነበር። ነፍሱን ይማርና አዋቂ ሰው ነበር። ናርዲ እሁድ እሁድ ትመጣለች አይደል? እኔ እንኳ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ስለተከለከልኩ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ነው የምሄደው። ደኅና መሆኗን ለማወቅ ያህል ነው።»

«አላውቅም ልጄ። አላየኋትም» አለች። ዓይኗ ግን መሬት ላይ ወደቀ፤ መውደቁንም እሱ አየ።

«እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ እጅ ነሥቶ ሄደ።

መኪና ውስጥ ገብታ በሮቹን ቆለፈች። ሞተር ማስነሳቱ ጠፋባት፤ በዚያ ሐሩር መስኮቱ ተዘግቶ እንደ ምድጃ ውስጥ ተቀመጠች። ከአንድ ፍርሃት ሌላ ይመዘዛል። ቢያገኘኝስ? ከሥራ ብባረርስ? እንደው ሰውየው በየዋህነት ብሎት፣ እኔ በአንዲት ቃል ወህኒ ባስወርደውስ? ሐበሻውስ ምን ይለኛል፤ ነገር አመላላሽ፣ አሳሪ።

ከእነዚህ ሁሉ ሥር ሀሌታ ነበረች። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ሀሌታ የምትባል የሥራ ባልደረባዋ ባሏ እየደበደባት ከቤት ወጥታ፣ የሻሽወርቅ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጣ ነበር። ባልየው ሽማግሌ ላከ። የሻሽወርቅም ከሽማግሌዎቹ ጋር አንድ ሆና፣ «ቻይ እኅቴ፣ ትዳር እኮ ነው፤ ማሪኝ ብሏል» አለቻት፤ ሻንጣዋን ራሷ ተሸክማ እስከ በሩ ሸኘቻት። በሦስተኛው ሳምንት የሀሌታ ግራ ጆሮ እስከ ወዲያኛው መስማት አቆመ። ከተማውን ለቅቃ ሄደች። የሻሽወርቅን አልወቀሰቻትም፤ ዳግመኛ ግን አላናገረቻትም።

የሻሽወርቅ በሩን ከፍታ ወረደች። ጉልበቷን ይዛ፣ ግራ ቀኝ እያየች፣ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ግሎሪያ ብቻዋን ወንበር እየደራረበች ነበር።

«ተሳስቼ ተርጉሜያለሁ» አለቻት። «ማረም ግዴታዬ ነው።»

«ምኑን?»

«ሬስት ያልኩትን። በእኛ አገር አንድ የተከበረ ሰው ሲሞት ‘ሞተ’ አይባልም፤ ‘አረፈ’ ነው የሚባለው። ለቅሶ ቤት ስትሄጂ፣ ‘መቼ አረፉ?’ ብለሽ ነው የምትጠይቂው። እሱ ያለው፣ እሷም ታርፋለች፣ እኔም አርፋለሁ ነው።»

ግሎሪያ የያዘችውን ወንበር ቀስ ብላ አስቀመጠችው። «ሞትን ማለቱ ነው? እርግጠኛ ነሽ?»

«አይደለሁም። ቃሉ ሁለቱንም ማለት ነው» አለች የሻሽወርቅ። «ግን መኪናውን ሰጥቷል። ቤቱን አጽድቷል። ፀጉሩን ተቆርጧል። ቅድም ውጭ ጠብቆ ምን ብዬ እንደተረጎምኩ ጠየቀኝ። ሰው ለራሱ ዕረፍት ብሎ ይህን ይጠይቃል?»

ግሎሪያ ስልኳን አነሣች። መጀመሪያ ፖሊስ ዘንድ፣ ቀጥሎ የፍርድ ቤቱ ተቆጣጣሪ ዘንድ፣ ቀጥሎ ናርዲ ዘንድ። የናርዲ ስልክ አገልግሎት ላይ አልነበረም፤ ከባሏ ስትሸሽ ቀይራዋለች። ዊንቸስተር በሚባለው ሰፈር አንድ አፓርታማ መከራየቷ ይታወቃል፤ የትኛው እንደሆነ ግን ከሐበሻ ዘር ሁሉ ደብቃለች። የት ትሠራ እንደነበር እንጂ አሁን የት እንደምትሠራ የሚያውቅም አልተገኘ።

ግሎሪያ ስልኩን ስትዘጋ የሻሽወርቅን አየቻት። «አንድ ነገር ልንገርሽ ይገባል። እዚያ ክፍል ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ከአንቺ በቀር ማንም አልነበረም። ከማን እንደወጣ ይገባዋል።»

«አውቃለሁ» አለች።

ዓርብ ጠዋት ፖሊስ የኤልሳዕን ክፍል አንኳኳ። ባዶ ነው። መጋዘኑ ከማክሰኞ ጀምሮ አልታየም አለ። የወንድሙ ልጅ ስልክ አያነሣም። ሳሮን ነገሩን ስትሰማ ከሥራ በቀጥታ መጥታ እናቷን ሄንደርሰን ወሰደቻት።

«እማዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም? ይሄ ዴንጀረስ ነው!»

«ቃል አለብኝ። የክፍሉን ነገር ለማንም አልናገርም ብዬ ፈርሜያለሁ።»

«አሁን ነገርሽኝ እኮ።»

«አሁንማ ፈራሁ።»

ቅዳሜ አልበላችም። መኪና በመንገዱ ባለፈ ቁጥር መጋረጃውን ጫፉን ገለጥ አድርጋ ታያለች። ሥራ መልቀቁን፣ ፀጉሩን፣ ጥሩውን ሸሚዝ ታስባለች። «እሁድ እሁድ ትመጣለች አይደል?» ያለውንና መሬት ላይ የወደቀ ዓይኗን ደግሞ ታስባለች። አፏ ያልሰጠውን መልስ ዓይኗ ሰጥቶታል። ፖሊሶቹ፣ «እሁድ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል እንዞራለን» ብለዋል። መዞር ግን መቆም አይደለም። ናርዲም ልጇን ይዛ፣ ምንም ሳታውቅ፣ እንደወትሮዋ ትመጣለች።

«ሳሮን፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን ውሰጂኝ» አለች።

«ኖ። ኖ፣ እማዬ።»

«ካልወሰድሽኝ በአውቶቡስ እሄዳለሁ።»

እሁድ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በፊት ደረሱ። ሳሮን ከመኪናዋ ሳትወርድ፣ ስልኳን በእጇ ይዛ፣ ከመግቢያው አጠገብ ተቀመጠች። የሻሽወርቅ ነጠላዋን ተከናንባ ፓርኪንጉ ዳር ካለች ቀጭን ዛፍ ሥር ቆመች። ቅዳሴው ተጀምሯል፤ የካህናቱ ድምፅ በድምፅ ማጉያው ይሰማል። ሰዎች እየመጡ፣ «እንዴት አደሩ፣ አይገቡም እንዴ?» ይሏታል። «ሰው እየጠበቅኩ ነው» ትላለች። በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ የኤልሳዕን ፊት ትፈልጋለች። የሱን ጥቁር መኪና ታውቃታለች፤ የለችም። ግማሽ ሰዓት ሄደ፣ አንድ ሰዓት ሄደ፣ ልቧ ትንሽ መለስ አለ።

ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ የናርዲ ትንሽ መኪና ወደ ፓርኪንጉ ታጠፈች። የሻሽወርቅ ጉልበቷ በፈቀደላት ሁሉ ሮጠች። መስኮቱን በመዳፏ መታችው።

«እንዴት አደሩ እትዬ፣ ምነው ደኅና...»

«አትውረጂ። ሞተሩን አታጥፊ። ኤልሳዕ ይፈልግሻል፤ ለደግ አይደለም። አሁኑኑ ተመልሰሽ ፖሊስ ጣቢያ ሂጂ።»

ናርዲ አፏን ከፈተች። ከኋላ ወንበር ላይ ልጅቷ የነጠላዋን ጥለት እያኘከች ነው። ያኔ የሻሽወርቅ ከበስተጀርባዋ የመኪና በር ሲከፈት ሰማች።

ግራጫ መኪና ነበር። የሻሽወርቅ ከመምጣቷ በፊት ጀምሮ እዚያ የቆመ፣ መስታወቱ የጠቆረ፣ አንድ ጊዜም ልብ ያላለችው። የራሱን ሰጥቶ የተረከበው የወንድሙ ልጅ መኪና። ያን ሁሉ ጊዜ እሷ መንገዱን ስትጠብቅ እሱ እሷን ሲያይ ነበር።

ኤልሳዕ ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ነጠላ አጣፍቶ፣ ቀኝ እጁን ከነጠላው ሥር አድርጎ፣ እንደ ማንኛውም ምእመን በዝግታ ይመጣል።

«እንደምን አደሩ እትዬ የሻሽ።»

«ባለህበት ቁም።»

«ልጄን ልስም ነው።»

ናርዲ ማርሹን ይዛ እጇ አልንቀሳቀስ አላት። የኤልሳዕ እርምጃ አልፈጠነም፣ አልዘገየም። በእሱና በመኪናዋ መካከል የቀረው የአንድ መኪና ርዝመት ነው፤ በዚያ ርዝመት ውስጥ የቆመችው ደግሞ ጉልበቷን የሚያማት የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት። ምን ማድረግ እንዳለባት አላሰበችም። ሆዷ ውስጥ አርባ ዓመት የተኛ ነገር ተነሣ።

«ኡኡኡ!» አለች። «ኡኡኡ! የሰው ያለህ! ሊገድላት ነው! የሰው ያለህ!»

የቤተ ክርስቲያኑ በር ተበርግዶ ተከፈተ። መጀመሪያ የወጡት ሴቶቹ ነበሩ፤ ጫማቸውን እንኳ አላደረጉም። ጩኸቱን ተቀበሏት፤ ኡኡታው ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያለፈ ፓርኪንጉን ሞላው። ናርዲ በዚያ ድምፅ የነቃች ይመስል መኪናዋን ወደ ኋላ ገፋች፤ ከግንቡ ጠርዝ ጋር ተጋጨች፤ ጎማው ጮኸ፤ ወጣች። ወንዶቹም ከኋላ ደረሱ።

ኤልሳዕ ቆመ። ሰዎቹን አላያቸውም። የሚያየው የሻሽወርቅን ብቻ ነው።

«ሬስት ነው ያልሽው አይደል?» አላት፤ በጣም ቀስ ብሎ። «ሬስት አልኩ አልሽኝ።»

አሥራ አራት ሳምንት እርስዎ ሲላት የኖረ ሰው አንቺ ሲላት፣ ከማንኛውም ስድብ በላይ አስፈራት። ከዚያ ዞሮ ወደ ግራጫው መኪና ሄደ፤ የነካው የለም። ሳሮን ግን አስቀድማ ደውላ ነበር። ኤልሳዕ ከፓርኪንጉ ሳይወጣ ሁለት የፖሊስ መኪኖች መንገዱን ዘጉበት። ከወንበሩ ሥር በፎጣ የተጠቀለለ ሽጉጥ አገኙ። ጥይት ነበረው ወይ ብሎ መጠየቅ አላስፈለገም፤ ስድስቱንም ጎርሶ ነበር።

ሽጉጡ የእኔ አይደለም፣ የወንድሜ ልጅ ነው ብሎ ተከራከረ። ነገር ግን በእገዳ ትእዛዝ ሥር ያለ ሰው እዚያ ቦታ መገኘቱም፣ መሣሪያ መያዙም በቂ ሆነበት። የክላሱ ነገር ቀረ። እስራት ተፈረደበት። ናርዲ ልጇን ይዛ ከኔቫዳ ወጣች፤ የት እንደሄደች ለማንም አልተናገረችም። አንድ ቀን ከማይታወቅ ቁጥር ለየሻሽወርቅ ደወለች። ብዙ አላወሩም። «ደኅና ነን እትዬ» አለቻት፣ ከዚያ መስመሩ ተዘጋ።

የምትሠራበት የአስተርጓሚዎች ድርጅት የሻሽወርቅን ስድስት ሳምንት ከሥራ አገዳት። ስህተቷን ማረሟ ልክ ነው አሉ፤ ከሥራ ውጭ ናርዲን ማናገሯ ግን ይመረመራል። መርምረው መለሷት። የቡድን ክላስ ግን አትመድቡኝ አለቻቸው፤ እነሱም ደስ እያላቸው ተቀበሉ። አሁን የምትሠራው ሆስፒታል ብቻ ነው።

በዚያው ወራት አቶ ውብሸት የሚባሉ የሐበሻው ማኅበር ሽማግሌ ሳሮን ቤት ድረስ መጡ። ኤልሳዕ የእሳቸው አገር ልጅ ነው። ወረቀት ይዘዋል።

«እኅቴ የሻሽ፣ ልጁ ተጎድቷል። ያኔ የተናገራት ቃል ዕረፍት ማለት እንደሆነ፣ አንቺም በድንጋጤ እንደተሳሳትሽ ፈርመሽ ብትሰጪው ለይግባኙ ይጠቅመዋል። አማርኛ እኮ ሰፊ ነው።»

የሻሽወርቅ ወረቀቱን አነበበችው። ሀሌታን ወደ ባሏ ሲመልሱ አቶ ውብሸት ከሽማግሌዎቹ አንዱ እንደነበሩ ትዝ አላት።

«አልፈርምም ጋሼ» አለች። «ያን ጊዜ አብረን ነበርን። እርስዎ ረስተውት ይሆናል።»

አቶ ውብሸት ወረቀታቸውን አጣጥፈው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያን አንዳንዱ ሰላም ይላታል፣ አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል። አንዲት ወጣት ሴት ግን ባለፈው ጾም ወደ እሷ ጠጋ ብላ እጇን ሳመቻት፤ ማን እንደሆነች የሻሽወርቅ እስካሁን አላወቀችም።

እስረኛ ሲፈታ በስልክ የሚያሳውቅ አገልግሎት አለ፤ ግሎሪያ አስመዘገበቻት። አገልግሎቱ ባለፈው ሳምንት ደወለ። የተቀዳ የሴት ድምፅ፣ ለስላሳ እንግሊዝኛ፣ የኤልሳዕን ስም ፊደል በፊደል ከጠራ በኋላ የሚፈታበትን ቀን ተናገረ። ሰባት ወር ቀርቶታል። የሻሽወርቅ ሳታስበው ለራሷ በአማርኛ ተረጎመችው።

ዛሬ ጠዋት ሳሮን ለሺፍቷ ስትወጣ እናቷ ከበሩ ውስጥ ቆማለች።

«ቻው እማዬ። በሩን ሎክ አድርጌዋለሁ።»

«የኋላውንስ?»

«የኋላውንም።»

«እንደገና ቼክ አድርጊው» አለች የሻሽወርቅ።

ሳሮን ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ በር ተመለሰች።